ጤናማ ምግብ ለሰውነትም ለመሬትም

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰው ያለ ምግብ ሊኖር እንደማይችል የታወቀ ስለ ሆነ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ነገር ግን «ጠገብሁ» ያለ ሰው ሁሉ በሚገባ ተመግቧል ማለት አይደለም። እንዲሁም የአንድ አገር ጎተራ በእህል ስለ ሞላ ብቻ ሕዝቡ ጤነኛ ነው ለማለት አይቻልም። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በገበታችን ላይ የሚቀርበው ምግብና እህሉ የበቀለበት መሬት ዕጣቸው አንድ መሆኑን ነው። ሰውነትን የሚጠቅም ገበታ ታስቦበት ከተዘጋጀ መሬትንም ይጠብቃል፤ መሬቱ የተጠበቀለት አገር ደግሞ ልማቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ለምሳሌ የምወስደውም ሩቅ ያለ ነገር ሳይሆን ሁላችን የምናውቀውን እንጀራና ሽሮ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

1ኛ/ ዘላቂ ልማት ምንድን ነው?

ልማት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አስፋልት መንገድን፣ ፋብሪካንና ረጅም ሕንፃን ነው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን የልማት መለኪያ እነርሱ ብቻ አይደሉም። በ1987 በኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በዶክተር ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ሊቀ መንበርነት ይሠራ የነበረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ለነገሩ ትርጕም ሰጥቶታል። በዚህ ትርጕም መሠረት ዘላቂ ልማት የሚባለው የዛሬው ትውልድ የሚያስፈልገውን እያገኘ የሚመጣው ትውልድ ደግሞ የራሱን እንዳያጣ የሚያደርግ ልማት ነው። በገበሬ አነጋገር ብናስረዳው፣ ዘሩን የማይበላ ልማት ማለት ነው። ለዘር ያስቀመጠውን እህል በክረምት በልቶ የጨረሰ ሰው ዛሬ ጠግቦ ቢያድርም የሚዘራው አይኖረውም።

በመስከረም ወር 2015 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎች እስከ 2030 የሚፈጸሙ 17 የዘላቂ ልማት ግቦችን ተቀበሉ። ከእነዚህም 2ኛው ራብን ስለ ማጥፋት፣ 3ኛው ስለ ጤና፣ 12ኛው ስለ አመራረትና ስለ አጠቃቀም፣ 13ኛው ስለ አየር ንብረት፣ 15ኛው በየብስ ላይ ስላለው ሕይወትና ስለ መሬት ይናገራሉ። በሚገባ ከተመለከትናቸው አምስቱም የሚገናኙት በምግብ ነው።

2ኛ/ ምግብ ሲጎድል ምን ይሆናል?

በክፍል እንደ ተማርነው ምግብ በሦስት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ኃይል ሰጪ ሲሆን ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ድንችና ዘይት ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ሰውነት ገንቢ ነው፤ እነርሱም ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ናቸው። ሦስተኛው በሽታ ተከላካይ ሲሆን ጎመንን፣ ካሮትን፣ ዱባን፣ ቲማቲምን፣ ብርቱካንንና የመሳሰሉትን አትክልትና ፍራፍሬ ይይዛል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሆድ ሊሞላ ይችላል፤ ሰውነት ግን ይራባል። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ሰው ዳፍንት ይይዘዋል፤ አዮዲን የጎደለው እንቅርት ያወጣል፤ ብረት የጎደለው የደም ማነስ ስለሚያገኘው በትምህርት ሰዓት ይደክማል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን መቀንጨር የሚባለው ነው። ሕፃን ከተፀነሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት 1000 ቀኖች ያህል ውስጥ የሚገባውን ምግብ ካላገኘ ቁመቱ ብቻ ሳይሆን አእምሮውም እንደሚገባ አያድግም። የዚያን ጊዜ ጉድለት በኋላ ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል። በአገራችን በ2000 በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከ100ው 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2016 ቍጥሩ ወደ 38 ወረደ፤ በ2019 ደግሞ 37 ሆነ። መውረዱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከሦስት ሕፃናት አንዱ ይህ ጉዳት ካለበት ገና ብዙ ይቀረናል። ያው የ2016 ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት ከ100ው 7ቱ ብቻ ለዕድሜያቸው የሚበቃ ምግብ ያገኙ እንደ ነበር ይገልጻል። እንዲሁም ከ6 ወር በላይና ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ከ100ው 57ቱ የደም ማነስ ነበረባቸው።

ይህ ጉዳት የቤተ ሰብ ኀዘን ብቻ ሆኖ አይቀርም። የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ ባስጠናውና በ2013 በወጣው ጥናት መሠረት፣ የሕፃናት ምግብ ማጣት በ2009 ኢትዮጵያን ያሳጣት ገንዘብ ከዓመቱ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 16.5 በመቶ ያህል ነበር። ይህም ለሕክምና የወጣው፣ ተማሪው ክፍል ሲደግም የባከነው፣ ሠራተኛውም ጉልበት ሲያጣ የቀረው ሁሉ ተደምሮ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እስከ 2030 ለማጥፋት መነሣቱም ስለዚህ ነው። እንግዲህ የአገር ልማት ከሕፃን ሳሕን ይጀምራል ማለት ነው።

3ኛ/ የሽሮ ክብር

በክፍላችን በምሳ ሰዓት የማየው አንድ ነገር አለ። ፓስታ ወይም ዳቦ በማርማላታ ያመጣ ተማሪ ምሳ ዕቃውን በሰፊው ከፍቶ ይበላል፤ ሽሮ ያመጣው ግን ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይጎርሳል። ሽሮ የድኻ ምግብ ነው ስለ ተባለ ያፍራል። የሚያፍርበት ምክንያት አለመኖሩን ግን ከሳይንስ ትምህርታችን ማስረዳት ይቻላል።

ሰውነታችን የሚገነባው በፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ሲሆን፣ ከእነዚህ 9ኙን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለብን። ለምርግ ጭቃው ሞልቶ ጭዱ ቢጎድል ግድግዳው እንደማይቆም፣ ከእነዚህም አንዱ ሲጎድል የሰውነት ግንባታ ይጓደላል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል። ጥራጥሬ ግን ላይሲን ሞልቶታል፤ የሚያንሰው ሜቲዮኒን የሚባለው ነው፤ ሜቲዮኒን ደግሞ በእህል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ገበታ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ሊቃውንት ይህን የደረሱበት በቤተ ሙከራ ነው፤ እናቶቻችን ግን አስቀድመው በሥራ ይዘውታል። ስንዴ ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ጋር ተቀቅሎ ንፍሮ ይሆናል፤ ገብስ ከሽምብራ ጋር ተቆልቶ ቆሎ ይሆናል፤ እንጀራ ከሽሮ፣ ከክክና ከምስር ጋር ይቀርባል፤ ለሕፃን ገንፎም እህልና ጥራጥሬ ተመጥኖ ይፈጫል። ጥራጥሬ ከክብደቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ፕሮቲን አለው። በጾም ቀኖች ብዛት የተነሣም አዚፋ፣ ስልጆና እልበት የመሳሰሉ ምግቦች በየቤቱ ሊታወቁ ችለዋል፤ ሽሮ ግን ጾም ኖረም አልኖረ የማይበላው ቤት የለም ማለት ይቻላል።

እርሾም የራሱ ጥቅም አለው። በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር ብረትንና ዚንክን አስሮ ይይዛቸዋል፤ በዚህም ምክንያት ሰውነታችን በሚገባ ሊወስዳቸው አይችልም። የጤፍ ሊጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቦካ ግን ፋይቴቱ እየተበጣጠሰ ስለሚቀንስ ብረቱና ዚንኩ ለሰውነት ይለቀቃሉ። ስለዚህ ሊጥ የሚቦካው እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ ወይም እንዲጣፍጥ ብቻ አይደለም።

4ኛ/ ባቄላ ለመሬት የሚሠራው ሥራ

እስከ አሁን የተናገርሁት ጥራጥሬ ለሰውነት ስለሚሰጠው ጥቅም ነው። አሁን ደግሞ ለመሬት የሚሠራውን እንመልከት።

ዘንድሮ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ አንድ የባቄላ ተክል ከነሥሩ ነቅለን በውሃ አጠብነው። በሥሮቹ ላይ የሽምብራ ፍሬ እንኳ የማያህሉ ትንንሽ እባጮች ተንጠልጥለው አገኘን። በጥፍራችን ስንሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀላ ያለ ነው። መምህራችን እንዳስረዱን መቅላቱ እባጩ በሥራ ላይ ለመሆኑ ምልክት ነው። ሥራውም ይህ ነው፤ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን ዕፀዋት ከአየር በቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም። በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩት ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ከአየር ወስደው ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል ነገር ይለውጡታል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይመግባቸዋል። ይህን ምሥጢር ጀርመናውያኑ ሄልሪግልና ቪልፋርት በ1886 አስታወቁ።

አባቴ ገበሬ ናቸው። ሳይንሱን በዚህ ስም ባያውቁትም ባቄላ በተነሣበት ማሳ ላይ ገብስ ሲዘራ ቡቃያው እንደሚጠቁርና ዛላው እንደሚያፈራ ሁልጊዜ ይነግሩኛል። ይህም ሰብል ማፈራረቅ ይባላል። የባቄላው ሥርና ቅጠል በመሬቱ ውስጥ ሲበሰብስ ለሚቀጥለው ሰብል ናይትሮጅን ይተዋል፤ እንዲሁም በየዓመቱ አንድ ዓይነት እህል በመዝራት የሚራባው በሽታና ተባይ ይቀንሳል።

ይህንኑ የባክቴሪያ ሥራ ሰው በፋብሪካ ለመሥራት የቻለው ፍሪትዝ ሐበር በ1909 መንገዱን ካሳየ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራው ማዳበሪያ የዓለምን ሕዝብ ከራብ ያዳነ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ እርሱን ለመሥራት ከፍተኛ ሙቀትና ግፊት፣ ብዙም የተፈጥሮ ጋዝ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ማዳበሪያ የምታገኘው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ነው። በ2022 በዓለም ገበያ ዋጋው እጅግ በናረ ጊዜ ጭንቀቱ በየገበሬው ቤት ገብቶ ነበር። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ይህን ችግር ፈጽመው ባያስወግዱትም ያቃልሉታል። ጥራጥሬ በዓለም ሁሉ እንዲታወቅ የተባበሩት መንግሥታት 2016ን የጥራጥሬ ዓመት ብለው መሰየማቸውም አለ ምክንያት አልነበረም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ይያያዛል፤ በከተማ ያለው ሰው ሽሮ መብላት ሲተው ገበሬው ባቄላውንና ሽምብራውን የሚሸጥለት ያጣል፤ የሚሸጥለት ካጣ አይዘራውም፤ ካልዘራውም መሬቱ ዕረፍቱን ያጣል። በዚህ ምክንያት በምሳ ዕቃ ማፈርና የመሬት መድከም፣ የተራራቁ ቢመስሉም፣ የተያያዙ ናቸው።

5ኛ/ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች

እንጀራና ሽሮን ለምሳሌ የወሰድሁት እኔ የማውቀው ደጋ ምግብ ስለ ሆነ ነው። የአገራችን ሕዝብ ሁሉ ግን ምግቡ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይህም ትልቅ ሀብት ነው። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘሮችን ከሰበሰበ በኋላ አገራችንን ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከሎች አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። ጤፍ፣ እንሰትና ኑግ ሰው ለእርሻ ያለመዳቸው በዚሁ በእኛ አገር ነው።

በጉራጌ፣ በሲዳማና በሌሎችም የደቡብ ሕዝቦች ዘንድ እንሰት የቤት ዋልታ ነው። ለብዙ ዓመት በመሬት ላይ ስለሚቆም አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቃል፤ ድርቅም ሲመጣ ይታገሣል። ቆጮ ግን ኃይል ሰጪ እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። ባለቤቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ከጎመንና ከአይብ ጋር ይበሉታል። በኮንሶ ደግሞ ሕዝቡ ተራራውን በድንጋይ እርከን አስተካክሎ ማሽላ ያመርታል፤ በማሳውና በግቢውም ሽፈራው የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ቅጠሉን እንደ ጎመን ይመገባል። ዛፉ አፈሩን ይጠብቃል፤ ቅጠሉ ለማሽላው የጎደለውን ቫይታሚን ይሞላል። ዩኔስኮ በ2011 የኮንሶን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

በአንጻሩ አንድ ነገር ብቻ መብላት ምን ያህል እንደሚጎዳ ጓያ ያስተምረናል። ጓያ ድርቅን ስለሚችል ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል፤ ስለዚህም በችግር ጊዜ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን በውስጡ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ስላለበት ለብዙ ወር ከጓያ በቀር ሌላ ያልቀመሰ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ምንም ያህል ጠንካራ ሰብል ቢሆን ብቻውን ገበታ ሊሆን አይችልም።

6ኛ/ ለገበታችን የጎደለው

ሽሮን አመሰገንሁ ማለት ሽሮ ብቻ ይበቃል ማለቴ አይደለም። ከዕፀዋት በተገኘ ምግብ ውስጥ ቫይታሚን ቢ12 አይገኝም፤ እርሱ የሚገኘው በእንቁላል፣ በወተት፣ በዓሣና በሥጋ ነው። በዓለም ላይ ባለጠጎች አገሮች ሥጋ ከመጠን በላይ ስለሚበሉ ለከብት መኖ የሚሆን ሰፊ መሬት ይታረሳል፤ ደንም ይመነጠራል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 ባወጣው ግምት መሠረት ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 በመቶው ከከብት እርባታ የሚመጣ ነበር። ስለዚህ እነርሱ ሥጋ መቀነስ ይገባቸዋል። ለኢትዮጵያዊው ሕፃን ግን ምክሩ የተለየ ነው፤ እርሱ እንቁላልና ወተት ሊጨመርለት ይገባል እንጂ የሚቀነስለት የለም።

ይህን ስጽፍ የራሳችንን ቤት አስባለሁ። ዶሮዎቻችን የሚጥሉት እንቁላል ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወጣ ነበር፤ በገንዘቡም ለእኔ ደብተርና እርሳስ ይገዛ ነበር። ታናሽ እኅቴ የሁለት ዓመት ልጅ ስትሆን እንቁላሉን የምታየው ቅርጫት ውስጥ ሆኖ ሲሄድ ነው። ድኻ ቤተ ሰብ የአንዱን ልጅ ትምህርት ከሌላው ልጅ ምግብ ጋር ማመዛዘን እንዴት እንደሚከብደው ከዚህ ይታያል። ዘንድሮ ከእናቴ ጋር ተመካክረን በየሳምንቱ ሦስት እንቁላል ለእኅቴ እንዲቀር አደረግን፤ የቀረው ገበያ ይወጣል።

ከዚህም ሌላ ከተማው እያሰፋ የሚሄድ አዲስ ልማድ አለ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ በውስጡ 30 ግራም ያህል ስኳር ይኖረዋል፤ ለሰውነት ግን ከጣፋጭነቱ በቀር እምብዛም የሚሰጠው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ፣ ጨውንም ከ5 ግራም በታች እንዲያደርግ ይመክራል። እኛ ግን በብዙው ቤት ጎመንን እንደ ችግር ጊዜ ምግብ እንቈጥረዋለን።

7ኛ/ ምን እናድርግ?

ምናልባት «ይህን ሁሉ የሚያገኝ ማን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው እውነት አለው። በዓለም ላይ ጤናማ ምግብ ለመግዛት አቅም የሚያንሳቸው ሰዎች ከ2 ቢሊዮን ተኩል አያንሱም። መንገድ መሥራት፣ ገበያ ማመቻቸት፣ ለገበሬው ጥሩ ዘር ማድረስ የመንግሥትና የባለሥልጣኖች ተግባር ነው። ቢሆንም በእጃችን ያለው ነገር ቀላል አይደለም። እኔ የሚከተሉትን አሳስባለሁ።

ሀ/ ሽሮ ስንበላ ጎመን ወይም ሰላጣ ቢጨመርበት፣ ሎሚም ቢጨመቅበት መልካም ነው። በሎሚና በቲማቲም ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ እንዲወስደው ይረዳል።

ለ/ ቡናና ሻይ ግን ብረትን ያግዳሉ። ቡናውን መተው ሳያስፈልግ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይበቃል።

ሐ/ በቤት ውስጥ የተገኘ እንቁላልና ወተት ሲከፋፈል ከሁለት ዓመት በታች ያለው ሕፃንና ነፍሰ ጡሯ እናት ይቅደሙ።

መ/ በትምህርት ቤታችን ግቢ ባዶውን የቀረ መሬት አለ። በየክፍሉ ብንከፋፈለው ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ባቄላ ልናበቅልበት እንችላለን፤ የባዮሎጂ ትምህርታችንም በዓይን የሚታይ ይሆናል።

ሠ/ ምግብ አናባክን። በ2011 የወጣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጥናት ለሰው ከሚመረተው ምግብ አንድ ሦስተኛው እንደሚባክን ገምቷል። ምግብ ሲጣል የበቀለበት አፈር፣ የጠጣው ውሃና የገበሬው ላብ አብሮ ይጣላል። የተረፈውን እንጀራ ፍርፍርና ድርቆሽ የምታደርግ እናት ይህን አሳምራ ታውቃለች።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ ሽሮ ስትቋጥሩ አትዘኑ፤ ጎመኑን ብቻ አትርሱበት። እናንተም ጓደኞቼ የምሳ ዕቃችሁን ክዳን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። በውስጡ ያለው ምግብ እኛን ያሳድጋል፤ የአባቶቻችንን ማሳም ለሚቀጥለው ዓመት ያዘጋጃል።